ኪራይ ሳይከፍሉ በሌሊት ስለ መውጣት

ሐዋርያው ጳውሎስ ታስሮ ወደ ሮሜ በሄደ ጊዜ በዚያች ታላቅ ከተማ የራሱ ቤት አልነበረውምና በተከራየው ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ ተቀመጠ የሐዋርያት ሥራ መጽሐፍ በመጨረሻው ምዕራፍ ይነግረናል። ወታደር እየጠበቀው ሳለ ወደ እርሱ የሚመጡትን ሁሉ የሚቀበለውና የሚያስተምረው በኪራይ ቤት ውስጥ ነበረ። ስለዚህ በሰው ቤት ተከራይቶ መኖር ነውር እንዳይደለ አስቀድመን እንወቅ። አንዳንድ ሰው ግን «እኔ የባለ ርስት ልጅ ነኝ» እያለ በኪራይ ቤት መኖሩን ከአገሩ ሰዎች ይሰውራል፤ ይህም ከንቱ ኩራት ነው።

በቀድሞው ዘመን አብዛኛው ሰው ተወልዶ ባደገበት አገር ጎጆ ቀልሶ ይኖር ነበረና የቤት ኪራይ የሚባለውን ነገር ብዙ አያውቀውም ነበር። የቤተ ክርስቲያን ተማሪም ከአገሩ ርቆ ሲሄድ በደብሩ አጠገብ ትንሽ ጎጆ ሠርቶ፣ ወይም ባልንጀራው በሠራት ጎጆ ተጠግቶ፣ ቁራሽ እየለመነ ትምህርቱን ይማራል እንጂ ወር በገባ ቁጥር ገንዘብ አምጣ የሚለው ባለቤት አልነበረበትም። ዛሬ ግን ልጆች ሆይ፣ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ትምህርታችሁን ጨርሳችሁ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ ሌላ ከተማ በሄዳችሁ ጊዜ የመጀመሪያው ቤታችሁ የሰው ቤት ይሆናል። ይህንንም መጻፌ ስለዚህ ነው።

ብዙ ሰው ቤት የሚያከራየውን ሁሉ ባለጠጋ አድርጎ ያስባል። ፎቅ ሠርቶ የሚያከራይ ባለጠጋ መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን በከተማው ውስጥ ተዘዋውሮ የተመለከተ ሰው ሌላም ያያል። ባሏ የሞተባት አንዲት ባልቴት በግቢዋ ጀርባ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ለሁለት ተከራዮች ሰጥታ፣ የአንደኛውን ኪራይ ለእህልና ለበርበሬ፣ የሁለተኛውን ለመድኀኒትና ለእድር ታደርገዋለች። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ ብዙ ዓመት ጠብቆ የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ ወጥቶለት፣ ቤቱን በባንክ ብድር ስለ ገዛው፣ እርሱ ራሱ ከከተማ ዳር በርካሽ ተከራይቶ እየተቀመጠ፣ የራሱን ቤት አከራይቶ የባንኩን ዕዳ ይከፍላል። እንግዲህ እርሱም ተከራይ ነው፤ ባለ ዕዳም ነው። ተከራዩ አንድ ወር ሲያጐድልበት ባንኩ አንድ ወር አይታገሠውም።

እንዲህ ያለው አከራይ የበዛበት ምክንያት በታሪክ የታወቀ ነው። በ1967 ዓ.ም. ሐምሌ 19 ቀን በወጣው አዋጅ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሁሉ ለመንግሥት ሆነ፤ ለአንድ ቤተ ሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በቀር አልተፈቀደም፤ ኪራዩ አነስተኛ የሆነውንም ቤት የቀበሌ ማኅበር ያስተዳድረው ጀመር። በዚያን ዘመን ኪራይ ያልከፈለ ሰው የሚከራከረው ከመንግሥት ጋር ነበረ። ኋላ ግን ሰው እንደ ገና ቤቱን ማከራየት በቻለ ጊዜ፣ ይልቁንም ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በአዲስ አበባ ከተሠሩ ወዲህ፣ ተከራይና አከራይ የተባሉት ሁለቱም የወር ገቢያቸውን በጣት የሚቈጥሩ ሰዎች የሚሆኑበት ጊዜ በዛ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ተከራዩ አስቀድሞ በደላላ እጅ ሲመጣ ቃሉ ለስላሳ ነው። የመጀመሪያውን ወር ይከፍላል፤ ሁለተኛውንም ይከፍላል። በሦስተኛው ወር «እሜቴ፣ ደመወዝ ዘገየብኝ፤ ለሰኞ ይሁንልኝ» ይላል። ሰኞ ሲመጣ ለሐሙስ ይላል። ከዚያ ወዲያ ማታ አምሽቶ መግባት፣ ጧት ማልዶ መውጣት ይጀምራል፤ በግቢው ሲያልፍ እግሩን እንደ ድመት ያሳርፋል፤ ስልክ ቢደወልለት አያነሣም። አምስተኛውም ወር ባለቀ ጊዜ አንድ ሌሊት፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን፣ ጓዙን በጋሪ አስጭኖ ይወጣል። ሲነጋ ባለቤቲቱ በሩን ገርበብ ብሎ ታገኘዋለች፤ በውስጡም አንድ የተቀደደ ፍራሽ፣ አንድ የተሰነጠቀ ጀሪካን፣ በምስማር ላይ የተረሳ አሮጌ ሹራብ ይቈያታል። የሦስት ወር ኪራይ ዋጋው ይህ ነው።

ይህ ሰው በመንገድ ሳለ «ተገላገልሁ» ማለቱ አይቀርም። ዕዳ ግን ከፍራሽና ከድስት ጋር በጋሪ ተጭኖ አይሄድም። በዚያው በግቢው ይቀራል፤ ያልተበደረም ሰው ይከፍለዋል። እኔ ልናገር የምወደው ይህን ነው፤ ሌላው ነገር ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

እስቲ ማን እንደሚከፍለው እንመልከት። ባለቤቲቱ መክፈሏን ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን በግቢው ውስጥ አንድ የመብራት ቈጣሪና አንድ የውሃ ቈጣሪ ብቻ ያለ እንደ ሆነ፣ ሒሳቡም ለተከራዮቹ ሁሉ የሚከፋፈል ከሆነ፣ በሌሊት የወጣው ሰው ያበራውን መብራትና የተጠበበትን ውሃ ጎረቤቶቹ ይከፍሉለታል። ዋስ የሆነውም ሰው አለ። ይህ ዋስ ብዙ ጊዜ ዘመድ እንኳ አይደለም፤ የአገሬ ልጅ ነው ብሎ፣ አንድ ቀን ቡና ስላጠጣው፣ በወረቀት ላይ የፈረመለት የዋህ ሰው ነው። ዕዳ ከሜዳ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን በደባልነት በሚኖሩ መካከል የሚሆነው ነገር ነው። የሐዋሳን ነገር ላንሣ። በ2008 ዓ.ም. በዚያ ከተማ ትልቅ የኢንዱስትሪ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ብዙ ወጣቶች፣ አብዛኞቹም ከገጠር የመጡ ሴቶች ልጆች፣ ልብስ በመስፋት ሥራ ገቡ። ደመወዛቸው አንድ ክፍል ለብቻ ለመከራየት አይበቃምና ሦስትም አራትም ሆነው በአንዲት ጠባብ ክፍል ይኖራሉ። ከዚያም በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ኢትዮጵያ ያለ ቀረጥ ዕቃዋን ወደ አሜሪካ የምትልክበት ዕድል በተዘጋ ጊዜ ሥራ ቀዘቀዘ፤ ብዙዎቹም ከሥራቸው ወጡ። በእነዚህ ልጆች ላይ የመጣው መከራ በስንፍናቸው የመጣ አልነበረም። ዳሩ ግን እንዲህ እናስብ፤ አራት ሆነው 4,000 ብር በሚከፈልባት ክፍል ቢኖሩ የእያንዳንዷ ድርሻ 1,000 ብር ነው። አንዷ ለሌሎቹ ሳትናገር ሻንጣዋን ይዛ ብትጠፋ ክፍሊቱ ከ4,000 ብር አትጎድልም፤ የቀሩት ሦስቱ ድርሻ ግን በአንድ ሌሊት ከ1,333 ብር በላይ ሆነ። ያች 333 ብር ለባለጠጋ ምንም አይደለችም። ለእነርሱ ግን የሳምንት እንጀራ ናት፤ ወይም ለእናት የሚላከው ገንዘብ ናት። ሁለተኛዋ ልጅ ይህን አይታ በሚመጣው ወር ብትጠፋ የቀሩት ሁለቱ እያንዳንዳቸው 2,000 ብር ይከፍላሉ። እንዲህ እያለ ዕዳው በመጨረሻ የሚያርፈው ከሁሉ ይልቅ ታማኝ በሆነችው ላይ ነው። እርሷ ብቻ በሩን ዘግታ ባለቤቲቱን ትጠብቃለች።

ደግሞም ገና ያልመጣ ሰው ይከፍላል። የተከዳችው ባለቤት ክፍሏን ጠርጋ እንደ ገና ስታከራይ የቀድሞዋ ሴት አይደለችም። የፊተኛውን ተከራይ መታወቂያውን ሳትጠይቅ አስገብታው ነበር፤ አሁን ዋስ አምጣ፣ ቀብድ ጨምር፣ ማን እንደሚያውቅህ ንገረኝ ትላለች። በዚያ ሰዓት ከገጠር በአውቶቡስ የወረደች፣ በከተማው አንድ ሰው እንኳ የማታውቅ፣ ነገር ግን ምንም ያልበደለች ልጅ በሯን ታንኳኳለች። ዋስ የላትም፤ ትመለሳለች። ከዚህም የከፋ ነገር አለ። የሸሸው ሰው ከአንድ አውራጃ የመጣ እንደ ሆነ ባለቤቲቱ «ከዚያ አገር ለመጣ ሰው ከእንግዲህ ቤቴን አልሰጥም» ትላለች፤ ለጎረቤቷም ትነግራለች። ልጆች ያሉት ሰው የከዳት እንደ ሆነ «ልጅ ያለው አይገባም» ትላለች። እንዲህ ማለቷ ፍርድ አይደለም፤ በአንድ ሰው ጥፋት አገሩን ሁሉ መኰነን ኀጢአት ነው። ነገር ግን የዚህ ኀጢአት ግማሹ በጋሪው ላይ ተቀምጦ በሌሊት በሄደው ሰው ይቈጠራል። በራሱ አገር ልጆች ፊት የከተማውን በር ዘግቷልና።

ሕጉስ ምን ይላል? በጥንት ዘመን ባለ ዕዳና ባለ ገንዘብ ሲካሰሱ ልብሳቸው እርስ በርሱ ተቋጥሮ፣ ወይም በሰንሰለት ተያይዘው፣ ቁራኛ ሆነው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። እርስ በርሳቸው የተጠሉት ሁለት ሰዎች አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ነገሩ ለሚያየው ያስቃል፤ ግን አንዱ ከሌላው ዐይን ሳይሰወር ነገራቸው እንዲያልቅ ያደርግ ነበር። ከ1952 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ይህን የሚገዛው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በዚህም ሕግ መሠረት ተከራይ ቤቱን ለቆ በመሄዱ ዕዳው አይሰረዝም። ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ያልከፈለም ሰው በሕግ የተወሰነውን በዓመት ከመቶ 9 ወለድ ጨምሮ እንዲከፍል ይፈረድበታል። የሦስት ወሩ ኪራይ 12,000 ብር ቢሆን የአንድ ዓመት ወለዱ 1,080 ብር ነው፤ የዳኝነትና የጠበቃ ገንዘብም ይጨመርበታል። በድኽነት ምክንያት ውሉን መፈጸም ስላልቻለ ብቻ ግን ሰው ወደ ወኅኒ እንዳይገባ ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው ስለ ሲቪልና ስለ ፖለቲካ መብቶች የተጻፈው ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን ይከለክላል፤ ይህም መልካም ነው። ዳሩ ግን ገና ከመጀመሪያው ላይከፍል አስቦ፣ በሐሰት ስምና በሐሰት መታወቂያ ቤት የያዘ ሰው ነገሩ ከዕዳ አልፎ ወደ ማታለል ወንጀል ሊሻገር ይችላል።

ይህን ሁሉ ጻፍሁ እንጂ ተማሪዎችን በፍርድ ቤት ማስፈራራት አልወድም። ባልቴቲቱ ስለ 12,000 ብር ብላ ጠበቃ ይዛ፣ ሥራዋን ትታ፣ የት እንደ ገባ የማታውቀውን ሰው መጥሪያ ለማድረስ ስትዞር የምትኖር አይደለችም። ብዙ ጊዜ አልቅሳ ትተወዋለች። እንግዲህ «ሕግ ይይዘኛል» ብሎ ብቻ የሚከፍል ሰው ሕግ እንደማይደርስበት ባወቀ ቀን አይከፍልም። የሸሸው ሰው ላይያዝ ይችላል፤ ያም ቢሆን የዕዳው ሸክም የንጹሓን ትከሻ ላይ ነው። ሰው ሊያስበው የሚገባው ይህን ነው።

ነገር ግን የተከራዮችንም ቃል መስማት ይገባል። «አከራዮቹ ርኅራኄ የላቸውም፤ በስድስት ወር ኪራይ ይጨምራሉ፤ ልጆቻችን ሲጫወቱ ይቈጣሉ፤ ማታ 3 ሰዓት በር ይዘጋሉ፤ እነርሱ ሲበድሉን እኛ ብንበድላቸው ምን አለበት?» ይላሉ። ከዚህ ውስጥ ብዙው እውነት ነው። በሰው ችግር ላይ ዋጋ የሚቈልል አከራይ አለ፤ ሰው ወልዳ በተኛችበት ሳምንት ውጪ የሚልም አለ። ስለዚህም በ2016 ዓ.ም. ስለ መኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ወጥቶ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ የቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ተደነገገ። አከራይ ቢበድል ተከራይ ይህን ሕግ ይዞ በቀን ይከራከር። በሌሊት መሄድ ግን ክርክር አይደለም። በሌሊት የሚሄደውን ሰው ልብ ብላችሁ ብታዩት፣ የሚሸሸው ከክፉው ባለጠጋ ይልቅ ከየዋሂቱ ባልቴት ነው። ባለጠጋው ዘበኛ አለው፤ ሁለት ወር አስቀድሞ ይቀበላል። አምናው «ለሰኞ ይሁን» ያለችው እርሷ ናት፤ የተከዳችውም ስላመነች ነው።

ለአከራዮችም አንድ ቃል ልናገር፤ ይህ መጽሐፍ በእነርሱም ቤት ይነበብ ይሆናልና። ኪራይ ስለ ዘገየ ብቻ ተከራዩ በሌለበት ሌላ ቁልፍ አበጅቶ በሩን መዝጋት፣ ወይም ዕቃውን ወደ ደጅ አውጥቶ በዝናብ መጣል አይገባም። በእጁ ይዞ የሚኖርበትን ሰው በጉልበት ማስወጣት በሕግ ሁከት ይባላል፤ የኪራይ ከሳሽ የነበረው ሰው በሁከት ተከሳሽ ይሆናል። የሙሴም ሕግ በዘዳግም መጽሐፍ ገንዘብ ያበደረ ሰው መያዣ ለመውሰድ ወደ ባለ ዕዳው ቤት ዘልቆ እንዳይገባ፣ ነገር ግን ከውጭ ቆሞ ባለ ዕዳው ራሱ ይዞ እስኪወጣለት እንዲጠብቅ ያዝዛል። መያዣው የድኻ ልብስ ከሆነ ፀሓይ ሳትገባ እንዲመለስለት ይናገራል። ቤቱ በአንተ ስም ቢጻፍም በውስጡ ያለው የሰው ኑሮ ያንተ አይደለም።

እንግዲህ መክፈል ያልቻለ ሰው ምን ያድርግ? ሥራው የቆመበት፣ የታመመ፣ ገንዘቡን የተሰረቀ ሰው ገንዘብ ከየት ይፈጥራል? በነገሥት መጽሐፍ ስለ አንዲት የነቢያት ልጅ ሚስት ተጽፏል። ባሏ ሞቶ ዕዳ ቀርቶባት ነበር፤ ባለ ገንዘቡም ሁለቱን ልጆቿን ባሪያ አድርጎ ሊወስድ መጣ። እርሷ ልጆቿን ይዛ በሌሊት አልሸሸችም፤ ወደ ኤልሳዕ ሄዳ ችግሯን ተናገረች። ዘይቱም በተአምር ከበዛ በኋላ ነቢዩ የነገራት ነገር ያስደንቃል፤ ሽጠሽ ዕዳሽን ክፈይ፣ በቀረው አንቺና ልጆችሽ ኑሩ አላት። ሰው ቢሆን አስቀድመሽ ብዪ፣ የተረፈሽን ክፈይ ይላት ነበር።

ጳውሎስም ስለ አናሲሞስ ለፊልሞና በጻፈው ደብዳቤ ያደረገውን ተመልከቱ። አናሲሞስ ከጌታው ተለይቶ የሄደ ሰው ነበረ፤ ዕዳም ቢኖርበት ጳውሎስ በእኔ ላይ ቍጠረው፣ እኔ እከፍላለሁ ብሎ በገዛ እጁ ጻፈለት። ግን ዕዳውን እከፍላለሁ ብሎ አናሲሞስን በዚያው እንዲቀር አላደረገውም፤ ደብዳቤውን አስይዞ በፊት ለፊት ወደ ሸሸበት በር መለሰው። በኪራይ ቤት የተቀመጠው ሰው የጻፈው ደብዳቤ ነውና እኔ ይህን ሳነብ ስለ ኪራይ የተጻፈ ይመስለኛል።

ከእነዚህ ሁለት ነገሮች እንደምንማረው፣ ገንዘብ የሌለው ሰው ቃል አለው። ሥራው በቆመ በዚያው ሳምንት፣ ዕዳው ገና ሳይከመር፣ ወደ ባለቤቲቱ ሄዶ «እሜቴ፣ ሥራዬ ቆሟል፤ ይህን ወር ልከፍል አልችልም» ይበል። ሁለተኛው ወር ሳይጨመር ቤቱን ቢለቅ ለእርሷም ይሻላታል፤ ክፍሏን ቶሎ ለሌላ ታከራያለችና። አምስት ወር ከሚዘገይ ተስፋ ይልቅ በጊዜው የተነገረ ችግር ትርፍ አለው። ብትቈጣ ይታገሣት፤ ቍጣዋ ትክክል ነው። ለመናገር ያፈረ ሰው የንስሓ አባቱን ወይም የእድሩን ዳኛ ወይም ሁለት ሽማግሌ ይዞ ይሂድ። ብዙ ሴቶች የዚህ ዐይነት ቃል ሲሰሙ ግማሹን እንደሚተዉ፣ ሌላውንም በየጥቂቱ ለመቀበል እንደሚስማሙ አይቻለሁ፤ የማይስማሙም አሉ፤ ቢሆንም ዕዳው የታወቀ ዕዳ ይሆናል።

ከዚህ በፊት በሌሊት የወጣ፣ አሁን ግን ደመወዝ የሚቀበል ሰው ካለ የባለቤቲቱ ደጅ አልጠፋውም። እርሷ ሞታ እንደ ሆነ ልጆቿ አሉ። ሁሉን በአንድ ጊዜ መክፈል ባይችል በየወሩ በባንክ ያስገባላት፤ የከፈለበትንም ደረሰኝ ያስቀምጥ።

አሁንም በችግር ቤት የሚለቅ ሰው ወረቀቱን እንዲህ ያድርገው። ከዚህ ወር እስከዚህ ወር ያልተከፈለው ኪራይ ይህን ያህል ነው፤ ከመብራትና ከውሃ ይህን ያህል ነው፤ በየወሩ ይህን ያህል እከፍላለሁ፤ የምገኝበት ስፍራ ይህ ነው ብሎ ይጻፍ። ከደባሎቹ ጋር የነበረ ከሆነ የራሱ ድርሻ ስንት እንደ ሆነ ለብቻው ይለይ። ወረቀቱ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ከባለቤቲቱ ዘንድ፣ አንዱ ከተከራዩ ዘንድ ይቀመጥ፤ ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት። ቤቱን ይጥረግ፤ ምስማሩን ይንቀል፤ ጋሪውንም ከጧቱ 3 ሰዓት ይጥራ፤ ቁልፉን ከበር ሥር ሳይጥል በእጇ ይስጣት።